ፎርሚያ ድረስ ውረድልኝ

ይድረስ ለጉደኛው ወንድሜ፣

ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ስል «ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እንደምትል አውቃለሁ። ፈልጌ ነው። የእማማን ለቅሶ በድምፅ መልእክት የደረስኩ ሰው አፍ የለኝም፤ እሱን ፊት ለፊት ስንገናኝ እንደ ልብህ ትሰድበኛለህ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። አሁን ግን ሌላ ጉድ ይዣለሁ።

ባሕር ልሻገር ነው። አዎ፣ እኔ! ሳቅህን ጨርስና ቀጥል።

ባለቤቴ ለሰኔ የዕረፍት ጉዞ ቆርጣለች። ፖንዛ የምትባል ደሴት ናት፣ በሮምና በኔፕልስ መካከል ከባሕሩ ገባ ብላ ያለች። መጀመሪያ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ከፍራንክፈርት ሮም ፊውሚቺኖ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ባቡር። «ከዚያስ?» ብላት «ከዚያማ መርከብ ነዋ!» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ በስልኬ አውሮፕላን ማረፊያ ስፈልግ አደርኩ፤ ደሴቲቱ የላትም። የሄሊኮፕተር ኪራይ ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ ዋጋውን ስሰማ የባሕሩ ፍርሃት ትንሽ ቀለል አለኝ።

አሁን የመርከብ ሊቅ ሆኛለሁ ብልህ ታምናለህ? ከሮም ተርሚኒ ጣቢያ ወደብ ያላት ፎርሚያ ድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፤ ከጣቢያው ወደቡ ድረስ ቁልቁል በእግር ይወረዳል። ከዚያ ምርጫው ሁለት ነው። ፈጣኑ ጀልባ፣ ያ ከውኃው ብድግ ብሎ የሚከንፈው፣ ቶሎ ያደርሳል፤ ግን እንደ አውቶቡስ ተዘግቶብህ ነው የምትቀመጠው፣ ነፋስ ሲነሣም ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው። መኪና የሚጭነው ትልቁ መርከብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፣ ግን ከላይ ነፋስ እየተቀበሉ መቀመጥ ይቻላል። እሷ ፈጣኑን አለች፣ እኔ ትልቁን። «ልጅቷ ትሰለቻለች» አለችኝ። ምን ልበላት? ከታች፣ የናፍጣ ሽታ ባለበት፣ በር ተዘግቶብኝ አልቀመጥም ልበላት? ግማሹን ነው የምታውቀው። የቀረውን የምታውቀው አንተ ነህ፤ እኔማ ብዙውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት።

ትንሿ ደግሞ የመንሳፈፊያ ጃኬት ተገዝቶላት ከላይዋ አልወልቅ ብሏል። ምሳ ስትበላ እሱን ለብሳ፣ ካርቱን ስታይ እሱን ለብሳ። ብርቱካናማ ነው። የእኛ ጊዜው ዓይነት አይደለም፣ ጥሩ ተሰፍቷል። ባለፈው ማታ እየሮጠች መጥታ «አባዬ፣ እሰርልኝ» አለችኝ። ቁልፉ ጠቅ እስኪል ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት ነበር፤ ጣቴ እምቢ አለ። እናቷን «ሰማያዊ አልነበረም ወይ?» አልኳት። «ይሄ ምን አለው?» አለችኝ። ምንም የለውም አልኩ። በማግሥቱ ወስጄ ላስቀይር ብል ልጅቷ ቤቱን በለቅሶ አናጋችው፤ ብርቱካናማው ጸና።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው፤ አንተ እዚያው ሮም ነህ፣ ፎርሚያ ድረስ ውረድና አብረኸን ተሳፈር። አጠገቤ ቁጭ በልልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ከፈለግህ ያኔ እንዳደረግከው ስለ ሠፈራችን ክትፎ ቤት ለፍልፍ። ሰው ሁሉ እየጸለየ አንተ ስለ አይብና ጎመን ስትተርክ ላንቅህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን... ተወው፣ ስንገናኝ እነግርሃለሁ።

በባዶ እጄም አልጠራህም። ታሪክ ወዳጅ አይደለህ? ራስ እምሩ ጎጀብ ላይ ከተማረኩ በኋላ ጣልያን ያጋዛቸው እዚችው ፖንዛ ነው። ሙሶሊኒ ደግሞ በሐምሌ 1935 ከሥልጣን ሲወርድ የት ቢያስቀምጡት ጥሩ ነው? ራስ እምሩ በነበሩበት ቤት! 60ኛ ልደቱን እዚያ ዋለ፤ ዐሥር ቀን ያህል አቆይተው ወደ ሌላ ደሴት አሻገሩት። ይህን ሳነብ ብቻዬን እንደ እብድ ነው የሳቅኩት። ሠፈሩ ሳንታ ማሪያ ይባላል፣ ቤቱን ጠይቀን እናገኘዋለን።

የምንደርሰው ደግሞ በሰኔ ሚካኤል ማግሥት ነው። በዚያው ቀን እነሱ የቅዱስ ሲልቨርዮን በዓል ያከብራሉ፤ ምስሉን በጀልባ ጭነው ባሕር ላይ ያዞሩታል። እሱም በ6ኛው መቶ ዓመት የሮም ጳጳስ ሳለ ተሽሮ፣ እዚያው ተግዞ ሞተ ይባላል። ያስሻረችው የቢዛንታይኗ ንግሥት ቴዎዶራ የእኛን ወገን ሃይማኖት የምትደግፍ ነበረች፤ ስለዚህ እዚያ ስንደርስ አደራ፣ አፍህን ሰብስብ! ምን ዓይነት ደሴት ናት በል፤ ጳጳሱም ራስ እምሩም በግድ የተወሰዱባትን እኛ ከፍለን እንሄድባታለን።

የአንተን ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ፣ ክርክር የለም። ትልቁን መርከብ ነው። እስከ እሑድ ስምህን መታወቂያህ ላይ እንዳለው አድርገህ ላክልኝ፤ እማማ ያወጡልህ ይሁን ላምፔዱዛ ለፖሊሶቹ የሰጠኸው፣ የትኛው እንደጸደቀልህ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ያው ወንድምህ