ጣሪያችን ግማሽ ላይ ቆሟል፦ ከጡረተኛ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ማኅበር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ አባላት፣ የቀድሞ ባልደረቦቻችንና ተማሪዎቻችን፣

አዎ፣ ደግመን መጣን። እንደሰለቸናችሁ አይጠፋንም። እኛንም ልመናው ሰልችቶናል። የአዳራሻችን ጣሪያ ከወደቀ በኋላ ያዋጣችሁት ገንዘብ እንጨቱንና የቆርቆሮውን ግማሽ ሸፈነ፣ ከዚያ መዋጮው ቀጥ አለ። የቀረው ግማሽ ላስቲክ ለብሷል። ሲዘንብ ወንበሩን ሁሉ ወደ ደረቁ ጥግ እንጎትታለን። ወንበር ለመጎተት የሚበቃ ወገብ ያለው ደግሞ ከመካከላችን ጥቂት ነው።

«ለመገናኘት አዳራሽ ምን ያደርጋል? ስልክ አለ አይደል?» ያሉን አሉ። ስልክማ አለ። ግን ሰው ጡረታ ሲወጣ መታወቂያውን ይመልሳል፣ ኢሜይሉ ይዘጋል፣ ዕድሜውን ሙሉ በገባበት በር «ማንን ፈልገው ነው?» ይባላል። ፕሮፌሰሩስ ቢያንስ ስሙ መጽሐፍ ላይ ይቀራል። የላብራቶሪ ቴክኒሻኑን፣ የሬጅስትራር ጸሐፊዋን፣ የሌሊት ጥበቃውን ማን ያስታውሳል? እኛ ዘንድ የቀድሞው ዲንና የቀድሞው ሾፌር ተራ ጠብቀው ቼዝ ይጫወታሉ። (የሚያሸንፈው ሾፌሩ ነው።) ነገሩ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ብቸኝነት ለልብ ሕመምና ለስትሮክ እንደሚያጋልጥ ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚሁ ጉዳይ ኮሚሽን አቋቁሟል።

«ያለፈው ገንዘብ የት ገባ?» ለሚለው፦ ከጣሪያው በፊት የነበረው መዋጮ የታመሙትን ለመጠየቅና ሐኪም ቤት ለማድረስ፣ እንዲሁም የጡረታ ጉዳይ ለማስፈጸም ወጥቷል። አንዲት አባላችን ከማኅደሯ የሁለት ዓመት አገልግሎት ጠፍቶባት አበሏ ተቀንሶ ነበር። አብረዋት የሠሩትን ያገኘችው እዚሁ አዳራሽ ነው። መሰከሩላት፣ ፎቶ ኮፒውንና መመላለሻውን ማኅበሩ ቻለ፣ አበሏም ተስተካከለ። ይህን ብክነት የሚል ካለ አንስማማም። ኦዲተር ያየው ሒሳብ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ሰሌዳውን ዝናብ እንዳያገኘው ወደ በረንዳ አውጥተነዋል፣ እዚያ ፈልጉት።

አረጋዊን መጦር ሃይማኖት ላለው ትእዛዝ ነው፣ ለሌለውም የዜግነት ዕዳ ነው። በተለይ እናንተ ተማሪዎቻችን፣ ትራንስክሪፕታችሁን አትማ፣ ማኅተም መትታ የሰጠቻችሁ ሴት ዛሬ ላስቲክ ሥር ተቀምጣለች።

ገንዘብ የምታስገቡት በማኅበሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ አባልነት ደብተራችሁ ላይ አለ። ደብተር የሌላችሁ ከጽሕፈት ቤታችን ውሰዱ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ይቀላቀልብናል። ቆርቆሮ፣ ሚስማር ወይም የአናጺ ጉልበት መስጠት ለሚፈልግም በራችን ክፍት ነው።

ደግመን እንላለን፦ በማኅበሩ ሒሳብ ብቻ። የሊቀመንበሩም ሆነ የገንዘብ ያዡ የግል ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ማንም ደውሎ ሌላ ቁጥር ቢሰጣችሁ እኛ አይደለንም። ከፍሎ ደረሰኝ ያልደረሰው ካለ ሳይሳቀቅ ይጠይቀን።

የጥገና ኮሚቴው