ልጁ አጠጣጡን ከየት ተማረው?

ለአዘጋጁ፦

ማስታወቂያ የታዳጊዎችን ጠባይ አይነካም የሚሉ ሰዎች ያስገርሙኛል። የአልኮል ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ከመከልከሉ በፊት ኳሱም በዓሉም ቢራ በቢራ ነበር። ያኔ የወንድሜ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። አንድ የበዓል ቀን የለስላሳ ጠርሙሱን ከፍ አደረገ። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ተጎነጨ። ከዚያ በረጅሙ «አህህ!» አለ፤ ልክ ቲቪ ላይ እንዳለው ሰውዬ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ልጁ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም፤ አጠጣጡን ግን ጨርሶታል።

ማስታወቂያ ብቻውን ልጅ ያበላሻል አልልም። ጓደኛ አለ፣ ሰፈር አለ፣ እኛም አዋቂዎቹ አለንበት። ግን የማይሠራ ነገር ቢሆን ኩባንያዎቹ ያን ሁሉ ብር ለምን ያፈሱ ነበር?

አዋጁ ዕድሜያቸው 21 ላልሞላ መጠጥ መሸጥንም ከልክሏል። እሰየው ነው። አሁን የሚያሳስበኝ የስፖርት ውርርድ ነው። ልጆቻችን የሚያዩት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ የውርርድ ድርጅቶች ስም ከተጫዋቾቹ ደረት ላይ ሳይቀር ተለጥፎ ኖሯል። የሰፈሬ ልጆች ከክለቡ ስም እኩል ይጠሩታል። ለቢራው የወጣው ዓይነት ጥብቅ ሕግ ለውርርዱም ይውጣ።

አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ