ተኩላው፣ ኤልኩና የተቆለፈው በር

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፦

ስለ ኮሎራዶ ተኩላዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። አዳኙ ተበሳጭቷል ማለታችሁ ልክ ነው። የብስጭቱን ምክንያት ግን «ተኩላው ኤልኩን (ትልቁን የአጋዘን ዘር) እየጨረሰው ስለሆነ» ብላችሁ በአንድ መስመር ዘጋችሁት። እኛ በአውሮራና በዴንቨር ዙሪያ የምንኖር፣ መኸር ሲመጣ ተራራ የምንወጣ ሐበሾች ነን፤ ንዴቱ የእኛም ነው። ይሁን እንጂ ከግማሽ የሚበልጠው ንዴት የሚያርፈው ባልበደለው ላይ ነው ብለን እናምናለን።

መጀመሪያ ሂሳቡ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ተኩላ ከኮሎራዶ የጠፋው በ1940ዎቹ ነበር። በኖቬምበር 2020 ተኩላው ተመልሶ እንዲለቀቅ የሚያዘው ሕዝበ ውሳኔ ቁጥር 114 ከ51 በመቶ ጥቂት ባነሰ ድምፅ አለፈ። በዲሴምበር 2023 ከኦሪገን የመጡ 10 ተኩላዎች በግራንድና በሰሚት ካውንቲ ተለቀቁ፤ በጃንዋሪ 2025 ከካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የመጡ 15 ደግሞ በኢግልና በፒትኪን። ከእነዚህ የሞቱ አሉ፣ የተወለዱም አሉ። በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በተደረገው ክትትል አንድ ተኩላ በዓመት ከ16 እስከ 22 ኤልክ ይጥላል። 30 ተኩላ አለ ብንልና በከፍተኛው ብናባዛው 660 ኤልክ ይሆናል። ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ኤልክ ወደ 300 ሺህ ይጠጋል፤ እኛ አዳኞች በዓመት የምንጥለው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሺህ ይበልጣል። ታዲያ ኤልክ ያጣ ሰው ሁሉ ተኩላ በላብኝ ቢል ቁጥሩ አይገጥምለትም።

«ተኩላ ሲገባ ኤልኩ አለቀ» ብለው የየሎውስቶንን ምሳሌ የሚያነሱ ሰዎች መልስ ይገባቸዋል፤ የሚሉት ከባዶ አልመጣም። የፓርኩ ሰሜናዊ የኤልክ መንጋ በ1994 ወደ 19 ሺህ ነበር፤ ተኩላ በ1995 እና በ1996 ከገባ በኋላ እየቀነሰ በ2013 ከ4 ሺህ በታች ወርዷል። በእነዚያው ዓመታት ግን ድቡም የተራራ አንበሳውም በዝቷል፣ ድርቅ ነበር፣ ከፓርኩ አጥር ውጪ በክረምት ማብቂያ ሴት ኤልክ የሚገደልበት ፈቃድም በብዛት ይታደል ነበር። እዚያው ዋዮሚንግ፣ ከተኩላው ጋር እየኖረች፣ ዛሬም ከ100 ሺህ በላይ ኤልክ አላት።

ተኩላው ምንም አያደርግም ማለታችን አይደለም። ጉዳቱ ሠፈር ለይቶ የሚወድቅ ነው። በግዛቱ ደረጃ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ቁጥር፣ አንድ ቤተሰብ ተኩላ በሰፈረበት አንድ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ነው። ኤልኩም ጠባዩን ይቀይራል፤ ሜዳ ላይ በጠዋት ሲግጥ የነበረው ጥቅጥቅ ወዳለው ጫካና ወደ ገደላማው ይገባል፣ ድምፁንም ይቀንሳል። ከብት አርቢው የደረሰበትማ የአደባባይ ምስጢር ነው፤ በማርች 2025 ለሁለት አርቢዎች ብቻ ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ካሳ ጸድቋል።

በሌላ በኩል በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ የአደን ፈቃድ በብዛት የተቀነሰው በ2022/23 ክረምት በረዶው አጋዘኑንና ኤልኩን ስለፈጀው ነው። ይህ የሆነው ከኦሪገን የመጡት ተኩላዎች እግር ከመርገጡ በፊት ነው። ዛሬ ግን ሁለቱ በወሬ ተዋሕደው «ተኩላ መጣ፣ ፈቃድ ቀነሰ» ሆነዋል።

ሌላው የብስጭት ምንጭ የሕዝበ ውሳኔው ድምፅ ነው፤ እዚህ ላይ አዳኙን አንወቅሰውም። የወሰኑት በብዛት ከተሜዎች፣ ተኩላው የሚለቀቅበት ደግሞ ከአህጉሩ የውኃ መክፈያ ተራራ በስተ ምዕራብ ያለው አገር ነው፤ አብዛኞቹ የምዕራቡ ካውንቲዎች አይሆንም ብለው ነበር። (እኛም አዎ ካሉት ከተሞች ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም።) ሕጉ ተኩላን የማይታደን እንስሳ ብሎ መድቦታል። የግዛቱ ዕቅድ 50 ተኩላ ለአራት ተከታታይ ዓመት ሲቆጠር ጥበቃውን አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርጋል፤ 150 ለሁለት ዓመት፣ ወይም በማናቸውም ጊዜ 200 ከተቆጠረ ከዝርዝሩ ይወጣል። ከዚያም በኋላ ይታደናል የሚል ቃል የለም።

የተኩላ ካርታውን እንዴት እንደምታነቡት ደግሞ አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ አዳኝ በዚህ ተሳስቶ የያዘውን ቦታ ትቷል። የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ በየወሩ የሚያወጣው ካርታ የሚቀባው ተፋሰስ በተፋሰስ ነው። በተኩላው አንገት ላይ የታሰረው ጂፒኤስ በየአራት ሰዓቱ ገደማ ቦታ ይመዘግባል፤ በወሩ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብቻ ሸንተረሩን ተሻግራ ብትመዘገብ ተፋሰሱ በሙሉ ይቀባል። ቀለም የተቀባ ቦታ ማለት «አንድ ተኩላ ባለፈው ወር እዚህ አልፏል» ማለት እንጂ «መንጋ ሰፍሯል» ማለት አይደለም። ያልተቀባውም ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ የአንገት ጂፒኤስ የሌላቸው አሉና።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ።

አዳኙ «ደኑ ተዘጋብኝ» ሲል በአንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል። አንደኛው ለመኪና የተዘጋ፣ ለእግረኛ ግን ክፍት የሆነ የፌዴራል ደን መንገድ ነው። ሁለተኛው ዙሪያውን በግል መሬት የተከበበ፣ በሕግ መግቢያ የሌለው የሕዝብ መሬት ነው። የመጀመሪያው ሲያናድደን እንውላለን፤ እውነተኛው በደል ግን ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያውን በአጭሩ። በፌዴራል ደን ውስጥ መኪና የሚነዳበትን የሚወስነው «ኤምቪዩኤም» የሚባለው ጥቁርና ነጭ ካርታ ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ ስልክ ላይም ይጫናል። ካርታው ላይ የሌለ መንገድ በር ባይኖረውም፣ የጎማ ዱካ ቢኖረውም ዝግ ነው። በካርታው ጠርዝ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ መንገዱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚከፈት ተጽፏል፤ ሰው የሚቀጣው ይህችን ሠንጠረዥ ባለማየት ነው። የጣሉትን ኤልክ ለማውጣት ተብሎ ባለአራት ጎማ ሞተር ከመንገድ ውጪ መንዳትም በአብዛኞቹ የኮሎራዶ ደኖች ክልክል ነው። ያበሳጫል። ግን ኦሪገን ውስጥ ስታርኪ በተባለው የሙከራ ደን ከ1989 ጀምሮ የተጠናው አንድ ነገር ያሳያል፦ ኤልክ ሞተር ከሚሰማበት መንገድ ይርቃል። በሩ ሁሉ ቢከፈት ኤልኩ ጠመንጃ ወደማይተኮስበት የግል መሬት ይሄዳል፤ ገና በሴፕቴምበር የቀስት አደን ሲጀመር መሄድ የሚጀምርበት ቦታ ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለት ማይል በእግር የሚያስኬደው ዝግ መንገድ በብዙ ቦታ ኤልኩን ለእኛው የሚያቆይልን ነው። ተኩላው አባረረው የሚባለው ኤልክ ብዙ ጊዜ ከሞተር ሸሽቶ አጥር ተሻግሮ የተኛ ነው።

ሁለተኛው ሰፋ ያለ ነው። ብዙ ወገናችን የሚሳሳተው «የግዛት መሬት» የሚል ካርታ ላይ ሲያይ የሕዝብ መሬት ነው ብሎ መግባቱ ላይ ነው። ኮሎራዶ በ1876 ግዛት ስትሆን የተሰጣት፣ ገቢው ለትምህርት ቤቶች እንዲውል የተመደበ ወደ 2.8 ሚሊዮን ኤከር መሬት አለ። ለአርቢ ወይም ለሌላ ይከራያል። ለአደን ክፍት የሆነው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ የተከራየው ክፍል ብቻ ነው፣ ከ1 ሚሊዮን ኤከር ያነሰ። የቀረው ውስጥ መግባት የሰው ግቢ እንደመግባት ያስከስሳል። የግል መሬትም ምልክት ወይም አጥር እንዲኖረው ሕጉ አያስገድድም፤ ድንበሩን ማወቅ የአዳኙ ግዴታ ነው።

ከሁሉ የከፋው የጥግ ጉዳይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለባቡር ኩባንያዎች መሬት ሲሰጥ 640 ኤከር ለኩባንያው፣ ቀጣዩ 640 ለመንግሥት እየተባለ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተከፋፈለ። ሁለት የሕዝብ መሬቶች በጥጋቸው ብቻ ሲነካኩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መራመድ የጎረቤቱን አየር መጣስ ነው እየተባለ ሚሊዮኖች ኤከር በዚህ ተቆልፈው ኖረዋል። በ2021 በዋዮሚንግ ኤልክ ማውንቴን ከሚዙሪ የመጡ አዳኞች መሰላል አቁመው፣ የግሉን መሬት ሳይነኩ በጥጉ ተሻገሩና ተከሰሱ። በማርች 2025 የአሥረኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት የ1885ቱን ሕገ ወጥ አጥር የሚከለክል አዋጅ ጠቅሶ ለአዳኞቹ ፈረደ፤ በኦክቶበር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። የአሥረኛው ወረዳ ፍርድ ቤት ኮሎራዶን፣ ዋዮሚንግን፣ ዩታን፣ ኒው ሜክሲኮን፣ ካንሳስንና ኦክላሆማን ይሸፍናል።

ይህን ሰምቶ ስልኩን ብቻ ይዞ የሚሻገር ሰው ግን ችግር ውስጥ ይገባል። የስልክ ጂፒኤስ ጫካና ገደል ውስጥ በብዙ ሜትር ይስታል፤ ጥጉ ግን አንዲት ነጥብ ናት። መሬት ውስጥ የተቀበረውን የቀያሹን የብረት ምልክት፣ አናቱ ላይ ቁጥር የተቀረጸበትን፣ በዓይን ካላዩ አይሻገሩ። አጥሩን አይርገጡ፣ ሽቦውን አይጫኑ፣ ምልክቱን ፎቶ አንሱት። ወደ ሕዝብ መሬት የሚወስድ መንገድ ላይ ሰንሰለት ካያችሁ ደግሞ ተመልሳችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የካውንቲው የመንገድ ክፍል ዘንድ ደውሉ፤ የካውንቲ መንገድ ሆኖ የተቆለፈ በር ይገኛል፣ ያንን ማስከፈት የእነሱ ሥራ ነው።

ለምን በሩ ይህን ያህል ያሳስበናል? ሥጋው ነው። አንዲት ሴት ኤልክ በቁሟ 500 ፓውንድ ያህል ትመዝናለች። ሁለት ታፋ፣ ሁለት ወርች፣ ሽንጡና የአንገት ሥጋው ከነአጥንቱ 200 ፓውንድ ይደርሳል። በአንድ ጉዞ 50 ፓውንድ የሚሸከም ሰው አራት ጊዜ ይወጣል፣ ሦስት ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። ከመኪናው ሦስት ማይል ርቆ ከጣለ 21 ማይል ነው፣ በተራራ። በዚህ መሐል የሚበላሸው የታፋው ውስጥ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ አጥንቱ ዙሪያ ያለው ሙቀት አይወጣም፣ ከውጪ ደህና መስሎ ከውስጥ ይሸታል። ቆዳው ወዲያው ይገፈፍ፣ ታፋው እስከ አጥንቱ ይሰንጠቅ ወይም ከመገጣጠሚያው ይለይ፣ አየር በሚያሳልፍ የጨርቅ ከረጢት ጥላ ውስጥ ይሰቀል፤ ፕላስቲክ ውስጥ አይገባም። (አራተኛው የጠመንጃ ወቅት የሚያልቀው ጾመ ነቢያት በሚገባበት ሰሞን ስለሆነ ማቀዝቀዣውን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ክትፎ ያማራችሁም ኤልኩን የሚያመነምነው የአንጎል በሽታ (CWD) መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው የጭንቅላቱ ምርመራ ውጤት ሳይመጣ አትንኩት።)

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንጽፍ አንለፍ። ካዮቲ (ቀበሮ መሰል፣ አነስ ያለ የተኩላ ዘመድ) በኮሎራዶ ዓመቱን ሙሉ ይታደናል። ትልቅ ተኩላ ከ80 እስከ 110 ፓውንድ፣ ካዮቲ ከ25 እስከ 45 ስለሆነ የሚምታቱ አይመስሉም። የሚያሳስተው በኤፕሪል የተወለደው ግልገል ነው፤ በኦክቶበር ወደ 60 ፓውንድ ይጠጋል፣ እግሩ ረዥም፣ ሰውነቱ ቀጭን ነው። ያ ወር ደግሞ ጠመንጃ ሁሉ ጫካ የሚገባበት ነው። የተኩላ ጆሮ አጠር ብሎ ክብ፣ አፍንጫው ሰፊ ነው፤ ዱካው ከአራት ኢንች ተኩል ይበልጣል፣ የካዮቲው ከሁለት ኢንች ተኩል እምብዛም አያልፍም። ከ200 ያርድ ላይ ጥርጣሬ ካለ ጣት ከቃታው ይነሣ። ቅጣቱ እስከ 100 ሺህ ዶላር፣ እስከ አንድ ዓመት እስር፣ የአደን ፈቃድ መነጠቅም ነው። ኤልክ ያስመልጥብኛል ብሎ ተኩላ ላይ መተኮስ በምንም ሕግ አይፈቀድም።

ከእናንተ የምንለምነው ይህን ነው። የዱር እንስሳት ኮሚሽኑ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ እዚያ ስለ ተኩላ የሚናገር ሞልቷል፣ መግቢያ ስለሌለው መሬትና ለአደን ስላልተከራየው የትምህርት ቤት መሬት የሚናገር ጥቂት ነው። የስብሰባውን ቀን አትሙልን። የኤልክ ዕጣ ማመልከቻ በኤፕሪል መጀመሪያ ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት፣ ቢያንስ በማርች፣ ለአደን የተከፈቱትን የግዛት መሬቶች ዝርዝር በአማርኛ ብታወጡት፣ ሰው የአደን ክልሉን ሲመርጥ የሚገባበትን በር አውቆ ይመርጣል። ዝርዝሩን በመተርጎም ልናግዛችሁ ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በአውሮራና በዴንቨር የምንኖር አዳኞች