ምዕራፍ 8 የት ሄደ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እንደ አፍሪካ ኅብረት ስላሉ የአንድ አካባቢ አገሮች ስለሚያቋቁሟቸው አካባቢያዊ ድርጅቶችና ስለ ተባበሩት መንግሥታት ስትጽፉ ሁለቱን እንደ ባላንጣ ማቅረባችሁ አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት መመሥረቻ ሰነድ፣ ቻርተሩ፣ እኮ ለአካባቢያዊ ድርጅቶች አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷቸዋል። ምዕራፍ 8ን ማለቴ ነው። አንቀጽ 52 አገሮች የአካባቢያቸውን ጠብ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ከመውሰዳቸው በፊት እዚያው በሰላም ለመፍታት እንዲጥሩ ይጠይቃል። አንቀጽ 53 ደግሞ ልጓም ያስገባል። ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ የኃይል እርምጃ አይፈቀድም።

ችግሩ የሚመጣው ምክር ቤቱ ራሱ ሲቆለፍ ነው። ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ጎረቤት ግን ዝም ብሎ ማየት አይችልም። ስደተኛውም መሣሪያውም ድንበር አቋርጦ የሚመጣው እሱ ጋ ነው። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) እ.ኤ.አ. በ1990 ጦር ይዞ ላይቤሪያ የገባው የምክር ቤቱን ፈቃድ ሳያገኝ ነበር።

ጎረቤት ሁሉ ቅን ነው አልልም። የራሱን ጥቅም ይዞ የሚገባም አለ። ስለዚህ አንቀጽ 53 እንዲላላ አልፈልግም።

ግን ፈቃድ ያለ ገንዘብ ምን ያደርጋል? ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባሳለፈው ውሳኔ 2719፣ የአፍሪካ ኅብረት ከሚመራቸው የሰላም ተልዕኮዎች ዓመታዊ በጀት እስከ 75 በመቶው ከተባበሩት መንግሥታት መዋጮ እንዲሸፈን መንገድ ከፍቷል። የገንዘብ ጥያቄው የሚታየው ግን በየተልዕኮው ተለይቶ ነው። እዚያም ያው ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት አለ። እባካችሁ፣ በዚህ ላይ ጠለቅ ብላችሁ ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ