ቁልፉ እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አባዬ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ናሆም ቁመቱ እኔን ሊደርስ ነው፤ ጫማውን በሦስት ወር አንዴ እንለውጣለን። ሶስና የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «ሰ» አልወጣላት ብሎ የገዛ ስሟን መጥራት አቅቷታል። ስንስቅባት አብራን ትስቃለች፣ ከዚያ ታኮርፋለች። ዳዊት እንደምታውቀው ነው።

በስልክ ያልነገርኩህን ነው የምጽፍልህ። ስልክ ላይማ «ደህና ነኝ፣ ብር አታባክኚ» ትልና ለእማዬ ታቀብላታለህ።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ላስቀድም። የበቅሎው መንገድ፣ ድሮ በቅሎዎች የካናሉን ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው፣ በሳይክል ሊያልቅልን ነው። ከዋሽንግተኗ ጆርጅታውን እስከ ሜሪላንዷ ካምበርላንድ ካለው 184.5 ማይል ውስጥ ባለፈው መከር ሃንኮክ ላይ ስናቆም 124ቱን ጨርሰናል። የቀረችው 60 ማይል ያህል ናት። በሜይ መጨረሻ ያለውን የሜሞሪያል ዴይ በዓል ሦስት ቀን ለእሷ ይዤላታለሁ። እናንተም ከፋሲካ በኋላ ስለምትመለሱ ትደርሳላችሁ። በዓለ ሃምሳ ስለሚሆን ጾም የለም፤ እንዳለፈው ጊዜ ሌላው ቋንጣ ሲበላ አንተ ቆሎ ስትቆረጥም አትውልም።

ቅዳሜ ከሃንኮክ ሊትል ኦርሊንስ 17 ማይል፣ እሑድ ከዚያ ፓው ፓው 15፣ ሰኞ ከፓው ፓው ካምበርላንድ 28። የሰኞው በዛ ብለህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ግን የእሑዱን ያሳጠርኩት ሆን ብዬ ነው። ከሊትል ኦርሊንስ ወዲያ ፖቶማክ ወንዝ ይጠማዘዛል፣ መንገዱም አብሮት ጫካ ይገባል። ሱቅ የለም፣ መኪና የሚደርስበት ቦታ ጥቂት ነው፣ ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም። አንድ ሳይክል ቢሰበር ገፍተን ከመምሸቱ በፊት የምንደርስበት ርቀት መሆን አለበት። ሶስና የምትቀመጥባት ተጎታች ከዳዊት ሳይክል ጋር የምትያያዝበት ብሎን የዛፍ ሥር ላይ በተንገጫገጨች ቁጥር ይላላል። በየአምስት ማይሉ ቆሞ በእጅ ማየት ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ዳገቱማ ዳገት አይባልም። መንገዱ በሙሉ የሚወጣው 605 ጫማ ብቻ ነው፤ እሱም በ74ቱ ሎኮች፣ ጀልባዋን በውሃ ከፍ በሚያደርጉት የካናሉ በሮች፣ ተከፋፍሎ። አንድ ሎክ ጀልባዋን ስምንት ጫማ ያህል ነበር የሚያነሳት። በቅሎዎቹ የሚጎትቱበት መንገድም ሎኩ ጋ ሲደርስ ያችኑ ስምንት ጫማ ይወጣና እንደገና ሜዳ ይሆናል። የሚያደክመው ሥሩና ጭቃው ነው። ዝናብ ከጣለ ሸክላው አፈር ከቅጠል ጋር ይለወስና ፓራፋንጎ ሥር ተጠቅጥቆ ጎማው አልዞር ይላል። በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ጣት የማይገባ ከሆነ ፓራፋንጎውን ፈትቶ ቤት መተው ይሻላል። የዳዊትን ፈትቼዋለሁ፤ ጀርባው ይጨቅይ። ቅዳሜ ከዘነበ ደግሞ ከሃንኮክ እስከ ፒር ድረስ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ አስፋልት ከካናሉ ጎን አለና በዚያ እንሄዳለን።

ጎማዎቹን አይቻቸዋለሁ። ባለፈው የናሆም ሁለቴ የተነፈሰው አንተ እንዳልከው በሚስማር አልነበረም። ከመነዳሪውን አውጥቼ ስነፋው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ነበረው። ሁለት ቀዳዳ ማለት ነፋሱ አንሶ፣ ጎማው ሥር ሲመታ ከመነዳሪው ቸርኬው ላይ ተቆንጥጧል ማለት ነው። አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ነው። ያኔ አዲሱን ከማስገባት በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጣት መዳሰስ ግድ ነው፤ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱም አንድ ማይል አይሄድ። የእኔንና የዳዊትን 40 ሚሊሜትር ጎማ 45 ፒኤስአይ፣ የናሆምን ወፍራሙን ባለ 24 ኢንች 35 እነፋዋለሁ። ለየልኩ ሁለት ሁለት ከመነዳሪ ይዘናል። እዚያ ጫካ ውስጥ ጎሚስታ የለም።

ውሃው በየድንኳን መትከያው ካለው የእጅ ፓምፕ ነው። ክረምት እጀታውን ይነቅሉታል፤ በኤፕሪል አጋማሽ ግን ይመልሱታል። አንዳንዱ ተበላሽቶ ስለሚገኝ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ሞልተን ነው የምንነሳው። አዮዲን ስላለበት ልጆቹ «መድኃኒት፣ መድኃኒት ይላል» ብለው አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ሎሚ ጨምቄበት ጣዕሙ ጠፋ። የአንተ በሶ ግን ከገዛነው ብስኩት ሁሉ በልጧል፤ ሁለት ማንኪያ በትንሽ ውሃና ማር ለውሰህ ብታጎርሳቸው አሥር ማይል ይነዱበታል። ስትመጣ ሦስት ኪሎ ያዝልኝ። ከሆነ የእትዬን፣ የሱቁን አይደለም።

እሑድ ፓው ፓው ልንደርስ አንድ ማይል ሲቀረን ዋሻው አለ። 3,118 ጫማ ነው። የወንዙን ስድስት ማይል ጥምዝምዝ ለመቁረጥ እ.ኤ.አ. በ1836 ጀመሩትና በሁለት ዓመት ያልቃል የተባለው 14 ዓመት ፈጀ፤ ሥራውን የያዘው ሰው ከስሮ ቀረ። የካናሉ ተፎካካሪ የነበረው የባቡር ሐዲድ ከካናሉ ጋር በአንድ ቀን፣ ጁላይ 4 ቀን 1828 ተጀምሮ፣ ካምበርላንድ በስምንት ዓመት ቀድሞት ገብቶ ጠበቀው። ናሆም ይህን ሁሉ አጥንቶ ሊፈትንህ ነው፤ ሎክ 65 የት ጠፋ ይልሃል። መልሱ ሦስት ሎክ ታስቦበት የነበረው ቦታ ላይ ሁለት ስለተሠራ 63⅓ እና 64⅔ ብለው በክፍልፋይ አቻቻሉት ነው። አላውቅም በለውና እሱ ይንገርህ።

ዋሻው ውስጥ ሳይክል ይገፋል እንጂ አይነዳም። በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በአንድ ወገን የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ውሃው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጎድጎድ ይላል፣ ከላይ ያንጠባጥባል። የግንባር መብራት ለሁላችንም ገዝቻለሁ። ለአንተ አልገዛሁም። አንተ መውጫው ላይ ጠብቀን፤ ከመኪና ማቆሚያው ግማሽ ማይል ያህል ሜዳ መንገድ ነው፣ ከወንድሜ ከኤርሚያስ ጋር ቀስ እያላችሁ ትመጣላችሁ።

አዎ፣ ከኤርሚያስ ጋር። መኪናውን እሱ ነው የሚነዳው።

አባዬ፣ የመኪናውን የቀኝ በር አሠርቼዋለሁ፣ መስታወቱንም አስቀይሬዋለሁ። ሃንኮክ መኪና ማቆሚያው ላይ «አንዱ ገጭቶኝ ሄደ» አልከን። ምሰሶው ላይ የመኪናችን ቀለም ነበር። አየሁት፣ ልጆቹ ስለነበሩ ዝም አልኩ። ሀኪሙ ያለህን እማዬ ነግራኛለች፤ እሷን እንዳትቆጣት፣ ጨቅጭቄ ነው ያስወጣኋት። ግላኮማ መሃሉን ትቶ ከዳር ነው የሚጀምረው። ጋዜጣህን ስለምታነብ ዓይንህ ጤነኛ ይመስልሃል፤ ከጎን የሚመጣው ልጅ፣ ሳይክል፣ ምሰሶ ግን የለም። ወደ ሊትል ኦርሊንስ የሚወርደውን መንገድ አስበው፤ ጠመዝማዛ ነው፣ መብራት የለውም፣ ብትጠፋም ደውለህ አታገኘንም። ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድተህ አንድ ቀን አልገጨህም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ስትመለስ እንዳትጠይቀኝ። መስጠት ስለማልችል ነው እንጂ ስጭኝ ስትለኝ እንቢ ማለት እንዴት እንደሚከብደኝ ታውቃለህ።

ጠብታውን ማታ ማታ እንዳትረሳ። ካደረግክ በኋላ ዓይንህን ጨፍነህ በአፍንጫህ በኩል ያለውን የዓይንህን ጥግ ሁለት ደቂቃ በጣትህ ጫን አድርገህ ያዝ፤ አለዚያ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮህ ነው የሚወርደው። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ንገረኝ፣ የምልክበት ሰው አላጣም።

አራት ዓመት ሙሉ በየመሻገሪያው ቴርሞስህን ይዘህ ቆመህ ጠብቀኸናል። አንድ ቀን አልዘገየህም። እግዜር ይስጥልኝ።

ግን ይህን ስጽፍ ሌላው ይመጣብኛል። ለኤርሚያስ በአሥር ዓመቱ ሳይክል ገዛህለት። እኔ አሥራ ሁለት ነበርኩ፣ ደረጃው ላይ ቆሜ አያለሁ። «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ምን ትሠራለች» አልክ። ለእኔ እንኳ አላልከኝም፣ ለእማዬ ነው ያልካት። እሷ እስከ ዛሬ በሳይክል የሆነውን የአልማዝን ነገር እያነሳች ታስታርቀናለች። የአልማዝ ነገር ገብቶኛል አባዬ። እኔ ግን አልማዝ አልነበርኩም። ኤርሚያስ ያንን ሳይክል ሁለት ክረምት ነድቶ ምድር ቤት ጣለው፣ ዝጎ ተጣለ። እኔ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ዳዊት ኮርቻዬን ይዞልኝ እየሮጠ ተማርኩ። አንተ መኪናህ ውስጥ ጋዜጣ ታነብ ነበር። ስወድቅ ጋዜጣውን አጠፍከው፣ ስነሳ መልሰህ ዘረጋኸው። በሩን ከፍተህ ብትመጣ ምን ነበረበት? እሺ፣ ይቅር። ይቅር ካልኩ በኋላ ነው ይህን የጻፍኩት፣ ግን አላጠፋውም።

አሁን የምጠይቅህን ልጠይቅህ። ሰኞ፣ መጨረሻው ላይ፣ ኖርዝ ብራንች የሚባል ቦታ ሎክ 75 አለ፤ የግንድ ቤት አጠገቡ ያለ። የመጨረሻው ሎክ እሱ ነው። ከዚያ እስከ ካምበርላንድ ዘጠኝ ማይል አንድም መውጣት የለውም፣ እንደ ጠረጴዛ ነው። ለዚያች ቁራጭ ሁለት ሰው የሚነዳውን ሳይክል፣ ታንደም የሚሉትን፣ ለአንድ ቀን ተከራይቻለሁ። መሪውንና ፍሬኑን የሚይዘው ከፊት ያለው ብቻ ነው። ከኋላ ያለው መንገድ ማየት የለበትም፣ ፔዳል ይመታል፣ የራሱን መያዣ ይይዛል፣ በቃ።

ከዳዊት ጋር ስድስት ቅዳሜ ተለማምጄበታለሁ፤ ከባዱ መነሳቱ ነው። እኔ እግሬን ግራና ቀኝ ዘርግቼ ፍሬኑን ይዤ እቆማለሁ፤ አንተ መጀመሪያ ትወጣና ሁለቱንም እግርህን ፔዳሉ ላይ ታደርጋለህ፤ «እሺ» ስትለኝ ነው የምነሳው። ሳትዘጋጅ ከተነሳሁ ፔዳሉ ቅልጥምህን ይመታሃል፤ ሁለቱ ፔዳል በሰንሰለት የተያያዘ ስለሆነ እኔ ስመታ ያንተም ይዞራል፣ እኔ ስቆም ያንተም ይቆማል። ስለዚህ ከማቆሜ በፊት «ላቆም ነው»፣ ሥር ሲመጣ «ሥር» እልሃለሁ። ያኔ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ማለት ነው። ወደ ጎን ዘንበል ብለህ ከትከሻዬ ላይ መንገዱን ለማየት እንዳትሞክር፤ የሚጥለን እሱ ነው። ዳዊትም የተማረው ሁለቴ ከወደቅን በኋላ ነው። ቀስ ብለን ብንሄድ አንድ ሰዓት ከሩብ ይወስድብናል። ደከመኝ ካልክ መግፋቱን ትተህ እግርህ ከፔዳሉ ጋር ይዙር፣ እኔ እመታለሁ።

እምቢ ልትል ትችላለህ። ግን «ሰው ምን ይላል» ከሆነ እዚያ ከዔሊዎቹ በቀር የሚያየን የለም።

እሺ ካልክ ኮርቻህን ከአሁኑ ማስተካከል አለብኝ። ጫማህን አውልቀህ ጀርባህን ግድግዳ አስደግፈህ ቁም። ወፍራም መጽሐፍ በሁለት እግርህ መሃል ከግድግዳው አጣብቀህ ወደ ላይ ሳበው፣ ኮርቻ ላይ እንደተቀመጥክ እስኪሰማህ። እማዬ ከወለሉ እስከ መጽሐፉ አናት ድረስ በልብስ ሰፊዋ ሜትር ትለካ፣ በሴንቲሜትር። ያንን በ0.883 አባዝቼ ሦስት ሴንቲ እቀንስልሃለሁ፣ እግርህ ቶሎ መሬት እንዲነካ። ሁለቴ ለኩ፣ ሁለቱም ቁጥር ይላክልኝ። እማዬ መነጽሯን ታድርግ።

ልጅህ