ይድረስ ለእትዬ፦ ስለ ማሙሽ ስፖርት

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማማና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ማሙሽ ስፖርት ይጀምር ወይ ላልሽው፣ አዎ ይጀምር። ድባቴውን ያቀልለታል፣ ክብደት እንዳይጨምርም ያግዘዋል። ለባይፖላር ሕመሙ (ስሜት ከድባቴ ወደ ልክ ያለፈ መነቃቃት ለሚዋዥቅበት) የሚውጠውን ሊትየም ግን አይተካም፤ «አሁንማ ስፖርት እየሠራሁ ነው» ብሎ ኪኒኑን እንዳይተው ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ሲደብተው በ10 ደቂቃ የእግር ጉዞ ይጀምር። «ስንፍና ነው፣ ተነስ» አትበሉት፤ ጫማውን አቅርቢለትና አብረሽው ውጪ። ጥቂት ጥቂት እየጨመረ በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ይድረስ። ልኩ፣ እየሄደ ማውራት የሚችልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ነው። ከርዝመቱ ይልቅ ሰዓቱን ጠብቁለት፤ ጠዋት 1 ሰዓት ካላችሁ እሑድም 1 ሰዓት ይሁን፤ እንቅልፉ የሚጸናው በዚያ ነው። ማታ መኝታ ሲቃረብ ግን ሩጫ እንቅልፍ ይነሳዋል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ሊትየሙ ነው። ላብ ውሃና ጨው ይዞ ሲወጣ ኩላሊት ጨው ለማስቀረት ሲል ሊትየሙንም ያስቀራል፤ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሳይወጣም ሲመለስም ውሃ ይጠጣ። የወጡን ጨው በአንዴ አትቀንሱበት፣ አትጨምሩበትም። ውሃ ሳይቀምስ እስከ 9 ሰዓት በሚጾምበት ቀን ሩጫ አይኑር፤ የጾሙንም ነገር ሐኪሙን ይጠይቅ። ጡንቻው ቢያመው አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ገዝታችሁ እንዳትሰጡት፤ ሊትየሙን ከፍ ያደርጉታል። ፓራሲታሞል ይሻላል። እጁ ከወትሮው በላይ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው፣ ከተንገዳገደ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ቀጣዩን ኪኒን ሳትሰጡት ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

ለሊትየም ምርመራ ደም የሚቀዳው ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ከዋጠ ጠዋት 3 ሰዓት። የጠዋት ኪኒን ካለው ከተቀዳ በኋላ ይዋጥ። ስፖርቱን ሲያጠነክር ምርመራው ቢደገም ጥሩ ነው።

ደግሞ ለ3 ሰዓት ብቻ ተኝቶ፣ ሳይደክመው፣ በሌሊት እንጦጦ ልውጣ ካለ «ተሻለው» ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ማኒያ፣ ማለትም ያ ልክ ያለፈ መነቃቃት፣ እየጀመረው ይሆናል፤ ያኔ ስፖርት ማብዛት በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ሩጫውን ትቶ ዝግ ያለ አጭር ጉዞ ብቻ፤ ለሐኪሙም በዚያው ቀን ደውሉ። የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት በደብተር ያዢለት፤ ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም።

የጫማ ቁጥሩን ላኪልኝ፤ ሰው ሲመጣ እልክለታለሁ። እማማን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ