«የክፍል ሙቀት» የማን ክፍል ነው?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንዴት ናችሁ። ጋዜጣችሁን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለ አዟሪ እየገዛሁ ነው የማነበው፣ መጀመሪያ የምገልጠውም የምግብ አሰራር ያለበትን ገፅ ነው፣ ዛሬ የምፅፍላችሁም በሱ ጉዳይ ነው።

የኬክ አሰራር ስታወጡ ሁሌ «ቅቤውን በክፍል ሙቀት አቆዩት» ትላላችሁ። እሺ የማን ክፍል? በኬክ ስራ የክፍል ሙቀት ሲባል 20 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ልክ ነው፣ ድሬ ግን በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ 35 ይገባል፣ የገበታ ቅቤ ደግሞ ከ32 እስከ 35 ባለው ውስጥ ነው የሚቀልጠው፣ ስለዚህ እኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ የቆየ ቅቤ ቅቤ አይደለም ዘይት ነው። ካፕኬኩን ሰርቶ መጨረስ አንድ ነገር ነው፣ ግብዣው ቤት በሰላም ማድረስ ግን ሌላ ስራ ነው፣ ስለሱ ደግሞ አንድም ቀን ፅፋችሁ አላየሁም።

ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የእህቴ ልጅ ልደት ነበር፣ እነሱ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው የሚኖሩት። 36 ካፕኬክ ጋገርኩ፣ እያንዳንዱ ላይ የክሬም አበባ አደርግልሻለሁ ብዬ በስልክ ቃል ገብቼላት ስለነበር ጠዋት ተነስቼ አንድ በአንድ አበባ አደረግኩ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ። ከዛ እንዲመቸኝ ብዬ ሚኒባሱ ጋቢና የሁለት ሰው ከፍዬ ካርቶኑን አጠገቤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሞተሩ ያለው ከጋቢናው ወንበር ስር መሆኑን ማን አሰበው! ከላይ ፀሐይ በመስታወት ከታች የሞተር ሙቀት፣ ደንገጎ ዳገት ጠመዝማዛው ላይ ደግሞ መኪናው ወዲህ ሲል ካርቶኑ ወዲያ፣ ገና ሐሮማያ ሳንደርስ ከፍቼ ሳየው ክሬሙ ወርዶ ወረቀቱ ላይ ተኝቷል፣ ኬኮቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ልጅቷ ካርቶኑን ስትከፍት «አክስቴ አበባው የታለ?» አለችኝ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ዘንድሮ ግን 36ቱም አበባቸውን ይዘው ጠረጴዛ ላይ ቀረቡ። ያደረግኩትን ልፃፈው፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል።

ዋናው ነገር ኬኩና ክሬሙ አንድ ላይ አይሄዱም። ክሬሙን ለብቻው ወፍራም ፌስታል ውስጥ አድርጌ ጫፉን ሳልቆርጥ ቋጠርኩት፣ ማታውን ፍሪጅ አደረ፣ ጠዋት ደግሞ ውሃ ሞልቼ ያቀዘቀዝኩትን በረዶ የሆነ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልዬ አብሬው አሰርኩት (ፎጣው የግድ ነው፣ ካልሆነ ላቡ ይነካዋል)። ኬኩ ባዶውን ከሄደ ፀሐይም አያሸንፈውም። ሐረር ደግሞ ከኛ በጣም ከፍ ስለሚል ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ እዛ ደርሼ ፌስታሉን ጫፉን ቆርጬ አበባውን ስሰራ እንደ ድሬ እጄ ላይ አልቀለጠም፣ ደግሞ ልጅቷ አጠገቤ ቆማ እያየች ነበር የሰራሁት፣ ይሄ ከሁሉም በልጦ ደስ አላት።

ኬኩን ማታ ጋግሬ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ሳልከድን ነው ያቆየሁት። ትኩሱን ከከደናችሁት በእንፋሎቱ ይረጥባል፣ ላዩ ይሙለጨለጫል፣ የወረቀት ኩባያው ከጎኑ ይላቀቃል፣ ድሬ ደግሞ ቶሎ አይበርድምና አትቸኩሉ። ከዛ የተጋገሩበት ባለ ጉድጓድ ትሪ ላይ እንዳሉ መልሼ ካርቶን ውስጥ አስገባኋቸው፣ ትሪው ራሱ እያንዳንዱን ይይዘዋል። ትሪ የማይበቃው ሰው ካርቶን ውስጥ ክፍተት ሳይተው ጥብቅ አድርጎ ይደርድር፣ የቀረውን ቦታ በሶፍት ይሙላው፣ መንገድ ላይ ኬክን የሚያጋጨው ባዶ ቦታው ነው።

መኪናው ውስጥ ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ወንበር ወደኋላ ያዘነበለ ነው። ጭንም ይሞቃል ያዘነብላልም። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞቅ ወጣሁ፣ ከሞተሩ ራቅ ብዬ ሶስተኛው ወንበር ተቀመጥኩ፣ ወለሉ ላይ እርጥብ ፎጣ አንጥፌ ካርቶኑን እሱ ላይ በእግሮቼ መሀል አስቀመጥኩት፣ እርጥብ ፎጣ ካርቶኑን አያንሸራትተውም። ሹፌሩንም ነገርኩት፣ «አብሽሪ እናቴ፣ ኩርባው ላይ ቀስ እላለሁ» አለኝ፣ ብሎም አደረገው፣ እግዜር ይስጠው። ሸዋ በር ወርጄ የጀጎልን ጠባብ መንገድ በእጄ ይዤ ገባሁ፣ በዛ ጠባብ መንገድ መኪና አይገባም።

ከተማ ውስጥ ከሳቢያን ከዚራ በባጃጅ ለሚሄድ ሰው ሌላ ነው፣ ቅርብ ስለሆነ ክሬሙን ቀብቶ መሄድ ይችላል። ያኔ እኔ ትንሿን ሞሶብ ነው የምጠቀመው፣ ታቹ ዝርግ ነው፣ ክዳኑ ከፍ ያለ ስለሆነ አበባውን አይነካውም፣ ስፌት ስለሆነ ደግሞ እንደ ፕላስቲክ እቃ እንፋሎት አያፍንም። ባጃጅ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ስለዚህ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ቦታ ላይ በጭራሽ እንዳታስቀምጡት፣ እግራችሁ ስር ይሁን። ቀኑ በጣም ከሞቀ ደግሞ የቅቤ ክሬሙን ትታችሁ የተፈጨ ስኳር በሎሚ ጭማቂ ወፈር አድርጋችሁ ብትቀቡት ይደርቃል እንጂ አይፈስም፣ ልጆቹም ይወዱታል።

አሁን የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ከእንግዲህ የኬክ አሰራር ስታወጡ «የክፍል ሙቀት» ብቻ አትበሉ፣ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ፃፉልን፣ ቆላ ላለነው ደግሞ በምን እንደምንተካውና እንዴት እንደምናጓጉዘው አንድ ሁለት መስመር ጨምሩ። ጋዜጣውን ድሬም እንገዛዋለን፣ ሰመራም ጋምቤላም የሚጋግር ሰው አለ። እነሱም የሚያውቁትን እንዲፅፉላችሁ ጋብዙልኝ፣ በተለይ የሰመራ ሰው ክሬሙን እንዴት እንደሚያቆየው መስማት እፈልጋለሁ፣ የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ልደቷን ድሬ እኔ ቤት ነው የማከብረው ብላለች።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን